12ኛው ፍሬት ግማሹ ላይ አልወድቅ አለኝ፦ ፍሬትቦርድ በፍሪካድ ስለመሳል

ክራር_ወዳድ (አዲስ አበባ) · ሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ከወር በላይ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። የኤሌክትሪክ ጊታሬ አንገቱ ስለተጣመመ አዲስ ልሠራለት ተነሥቻለሁ። እንጨቱን ከመንካቴ በፊት ፍሬትቦርዱን (ጣት የሚያርፍበትን የአንገቱን ጣውላ) በፍሪካድ፣ በኮምፒውተር መንደፊያው ፕሮግራም፣ ልሳልና ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ያላቸው ልጆች ጋ ወስጄ ላስቆርጠው ነው ሐሳቤ። የክሩ ርዝመት ከነት (ክሩ ከአንገቱ ጫፍ ከሚነሣበት) እስከ ሳድል (አካሉ ላይ ከሚያርፍበት) 648 ሚሜ ነው። ፍሬቱ፣ ማለትም ጣውላውን የሚያቋርጠው ሽቦ፣ 22። ስፋቱ ነት ላይ 42፣ 12ኛው ፍሬት ላይ 52 ሚሜ።

የሠራሁት እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ፍሬት አስቀመጥኩ። ከእሱ እስከ ሳድል የቀረውን ርዝመት አካፍዬ ሁለተኛውን፣ ከሁለተኛው የቀረውን አካፍዬ ሦስተኛውን፣ እንዲህ እያልኩ 22ቱንም አንድ በአንድ በእጄ አስገባሁ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ስጨርስ 12ኛው ፍሬት 321.6 ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ኦክታቭ (ያው ድምፅ በእጥፍ ከፍ ብሎ) የክሩ ግማሽ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ፤ 324 መሆን ነበረበት። ሦስቴ አጣራሁ፣ የመደመር ስህተት የለብኝም። የሚያዛባው ፕሮግራሙ ነው ወይስ እኔ? ያለኝ አንድ ቁራጭ ወይራ ብቻ ነው፣ ደህና የደረቀ። እሱን ማበላሸት አልፈልግም።

አናጢው_ከሜሪላንድ · ሰኞ ማታ

ልጄ፣ ለ18 ነው ያካፈልከው፣ አይደል?

ክራር_ወዳድ · ሰኞ ማታ

አዎ ጋሼ! እንዴት አወቁ? እንጨት ሥራ ያስተማረኝ ሰው «የቀረውን ሁልጊዜ ለ18 አካፍል» ብሎኝ ነው።

አናጢው_ከሜሪላንድ · ማክሰኞ ጠዋት

ቁጥርህ ራሱ ነው የነገረኝ። ከ648 እየቀነሱ የቀረውን ለ18 ቢያካፍሉት 12ኛው ላይ 321.64 ይመጣል። ያስተማረህን ሰው ግን አትውቀሰው፣ የሰጠህ የቆየ የሙያ ደንብ ነው። የጋሊልዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌይ የሉት (ጊታር የሚመስል የድሮ ባለ ክር መሣሪያ) ተጫዋች ነበር። 18 ለ17 የሚለውን ንፅፅር ለሉት ፍሬት ብሎ ያቀረበው በ1581 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ጊታር ሠሪ ሁሉ ኮምፓስና ማስመሪያ ይዞ በዚህ ደንብ ሠርቷል።

ይህን ያህል የኖረበት ምክንያትም አለው። ክሩን በጣት ስንጫነው ይወጠርና ድምፁ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ለ18 ማካፈል ደግሞ ፍሬቶቹን ወደ ነቱ ስለሚያስጠጋቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ስህተት በከፊል ይሸፍንለታል። ዛሬ ግን መጫን የሚያመጣውን ልዩነት የምናስተካክለው ሳድሉን በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ በመሳብ ስለሆነ ፍሬቶቹ ትክክለኛ ቦታቸው ላይ መቀመጥ አለባቸው።

ትክክለኛው አካፋይ 17.817 ነው። ኦክታቩ 12 እኩል ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ድምፁን በ1.05946 ያባዛል። ይህን ቁጥር 12 ጊዜ በራሱ ብታባዛው 2 ይመጣል፤ 17.817ም ከዚያው ነው የሚወጣው። በአንተ ሥዕል የመጀመሪያው ፍሬት 36 ሚሜ ላይ ነው ያለው፣ መሆን የነበረበት 36.37 ነው። ትንሽ ይመስላል። 12ኛው ጋ ሲደርስ ግን 2.36 ሚሜ ሆኗል፤ በድምፅ ሲለካ ኦክታቭህ 12.5 ሴንት ያህል ወርዷል (ከአንድ ፍሬት ወደ ቀጣዩ 100 ሴንት ነው)። ክፍቱን ክርና 12ኛውን አከታትለህ ስትመታቸው ጆሮህ አይቀበለውም።

ሳባ_ንድፍ · ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሽ አናጢ ዋናውን ነግረውሃል። እኔ ሥራዬ የማሽን ዕቃ ንድፍ ነው፣ ፍሪካድ ላይ ነው የምውለው። አንድ ነገር ልለምንህ፦ አካፋዩን ብቻ ቀይረህ በዚያው መንገድ አትሂድ። መንገዱን ራሱ ተወው።

አንተ የሠራኸው ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ፍሬት የቆመው በፊተኛው ላይ ስለሆነ አንዱ ላይ ያለች ስህተት ከኋላዋ ያሉትን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። አካፋዩን አሳጥረህ 17.8 ብትል እንኳ 12ኛው 324.22 ላይ ይወድቃል። ከ17.817 የቆረጥከው ያቺን ጭራ ብቻ ነው፣ ስህተቱ ግን ከፍሬት ቦይ (ሽቦው ከሚገባበት ቀጭን ስንጥቅ) ስፋት ሲሶ በላይ ደረሰ። ስለዚህ ሁሉንም ፍሬት ከዜሮ፣ ማለትም ከነቱ ለካው፦

ርቀት = የክር ርዝመት × (1 − 2^(−የፍሬት ቁጥር ÷ 12))

ለ648 ሚሜ የሚሰጠው ይህን ነው፦ 1ኛው 36.369፣ 2ኛው 70.698፣ 3ኛው 103.099፣ 5ኛው 162.549፣ 7ኛው 215.512፣ 12ኛው 324.000፣ 19ኛው 431.756፣ 22ኛው 466.161። አንዱን ብትሳሳት የምትበላሸው እሷ ብቻ ናት። 12ኛው ልክ ግማሽ ካልሆነ ወይም ለማጣራት ብለህ ብታሰላው 24ኛው ልክ ሦስት አራተኛው፣ 486፣ ካልሆነ ቀመሩን ስታስገባ ተሳስተሃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍሪካድ። ስፕሬድሺት ክፈትና አናት ላይ የክሩን ርዝመት፣ የነቱን ስፋት፣ የ12ኛውን ስፋት፣ የቦዩን ስፋትና ጥልቀት፣ ራዲየሱን ጻፍ። ለእያንዳንዱ ሴል መጠሪያ ስጠው። ከታች ከ1 እስከ 22 ቁጥር ደርድርና አጠገባቸው ቀመሩን አውርድ። ከዚያ ስኬች (ጠፍጣፋው ሥዕል) ውስጥ 22ቱን መስመር ስትስል ቁጥር አትጻፍ፣ የልኬቱ ሳጥን ጎን ያለችውን ትንሿን ሰማያዊ የቀመር ምልክት ነክተህ ከሴሉ ጋር እሰረው። አዎ፣ 22 ጊዜ ማሰሩ ያሰለቻል። ግን የምታደርገው አንዴ ነው። በኋላ 648 የሚለውን አጥፍተህ 628 ብትጽፍ ፍሬቱ ሁሉ ራሱ ይሄዳል።

በሊኒየር ፓተርን (በመደጋገሚያው መሣሪያ) እደግመዋለሁ ብለህ ግን አትሞክር። እሱ እኩል እኩል ርቀት ነው የሚደግመው፣ ያንተ ፍሬቶች ደግሞ እየተጠጋጉ ነው የሚሄዱት። ከነት እስከ 1ኛው 36.4 ሚሜ፣ ከ21ኛው እስከ 22ኛው 10.8 ብቻ ነው።

ክራር_ወዳድ · ማክሰኞ ማታ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሳባ አንቺም ተባረኪ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። 12ኛው 324.000 ሲል ሳየው ጮኬ እናቴ «ምን ሆነህ ነው?» ብላ መጣች።

ሌላ ጥያቄ። ላዩን ጎበጥ ላደርገው 241 ሚሜ ራዲየስ ሰጠሁት። የፍሬት ቦዮቹን ደግሞ ከላይ ወደ ታች 2 ሚሜ አድርጌ ቆረጥኳቸው። ስዕሉ ያምራል። ግን ጫፎቹን አቅርቤ ሳያቸው ቦዩ እየሳሳ ሄዶ 22ኛው ላይ የለም ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። ይህ ችግር ነው ወይስ እንዲሁ ይታለፋል?

ሳባ_ንድፍ · ማክሰኞ ማታ

አይታለፍም! አቅርበህ ማየትህ በጣም ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ይህን የሚያየው ፍሬቱ አልቀመጥ ሲለው ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ላዩ ጎባጣ ነው፣ የቦይህ ወለል ግን ቀጥ ያለ። መሃሉ ላይ 2 ሚሜ ቢኖርህም ጎኑ በጉብታው ምክንያት ከመሃሉ ዝቅ ያለ ነው። ነት አካባቢ ስፋቱ 42 ስለሆነ ጠርዙ ከመሃሉ 0.92 ሚሜ ይወርዳል፣ ለቦዩ 1.08 ይቀርለታል። 22ኛው ላይ ስፋቱ 56.4 ደርሷል። እዚያ ጠርዙ 1.65 ይወርዳል፣ ቦዩ ደግሞ 0.35 ሚሜ ብቻ ነው የሚቀረው። የፍሬቱ ሽቦ እግር እዚያ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም።

የቦዩ ወለልም አብሮ መጉበጥ አለበት። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ቦዮቹን ጣውላውን ከላይ እስከ ታች የሚያልፉ 22 ቀጫጭን ሳጥኖች አድርጌ እሠራለሁ። ከላዩ ጉብታ ጋር አንድ ማእከል ያለው፣ ራዲየሱ ግን በቦዩ ጥልቀት ያነሰ ሲሊንደር እጨምራለሁ። ያንተ 241.3 ከሆነ ለ2.2 ሚሜ ጥልቀት 239.1 ይሆናል። ከሳጥኖቹ ላይ ሲሊንደሩን ስቀንስ ከእሱ በላይ ያለው ክፍል ብቻ ይቀራል። የቀረውን ከጣውላው ላይ እቀንሳለሁ። ያኔ ቦዩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ ጥልቀት ይኖረዋል።

ደግሞ ስኬቹን ጎባጣው ፊት ላይ አትለጥፍ። ፕሮግራሙ ራሱ የሚሰጥህ ዋናዎቹ ጠፍጣፋ ሜዳዎች ላይ ሳለው። በፈረንጆቹ ኅዳር 2024 የወጣው የፍሪካድ 1.0 ስሪት ንድፉ ሲለወጥ የፊቶች ስም የሚቀያየርበትን ችግር በብዙ አሻሽሎታል፤ ቢሆንም ራዲየሱን በቀየርክ ቁጥር ስኬቱ መሠረቱን እንዳያጣ ገና ከመጀመሪያው ብትጠነቀቅ ይሻላል።

አናጢው_ከሜሪላንድ · ረቡዕ ጠዋት

ሳባ ልጄ፣ ስለ ቦዩ የጻፍሽው ወርቅ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት መጀመሪያ የሠራሁት አንገት ላይ የዳር ፍሬቶች በሦስተኛ ወሩ ብድግ ብድግ ሲሉ ነው።

ስለ ራዲየሱ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮዎቹ ፌንደሮች 184 ሚሜ ነበሩ፣ የዛሬዎቹ ብዙዎቹ 241። ጊብሰን 305 ነው። ክላሲካሉ ቀጥ ያለ ነው። 184 ኮርድ ለሚይዝ እጅ ይመቻል፣ ወደ ላይ ወጥቶ ክር ለሚጎትት ግን ጎረቤት ፍሬት ላይ ይነካና ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ነት ጋ 254 ተጀምሮ መጨረሻው ላይ 406 የሚደርስ፣ እየሰፋ የሚሄድ ጉብታም ይሠራል። ቅርፁ ከሾጣጣ ቱቦ የተቆረጠ ቁራሽ ነው።

ሳባ_ንድፍ · ረቡዕ ከሰዓት

እሱን በሎፍት (ቅርፆችን አገናኝቶ አንድ አካል በሚያደርገው መሣሪያ) ነው የሚሠራው ጋሼ፤ አንድ ቅስት ነት ላይ፣ አንድ ቅስት መጨረሻ ላይ። ሁለት ቅስት ብቻ፣ መሃል ላይ ሦስተኛ መጨመር አያስፈልግም። ሦስት ስናደርገው ፕሮግራሙ በሦስቱ መካከል ለስላሳ ኩርባ ለማሳለፍ ሲል ላዩን ያሳብጠዋል። ሁለቱን በቀጥታ መስመር ካገናኘን በክሩ አቅጣጫ ሁልጊዜ ቀጥ ይላል። ማስመሪያ የምናስቀምጥበት አቅጣጫ ይኸው ነው።

መዶሻ (ሐዋሳ) · ረቡዕ ማታ

ወንድሞቼ፣ እኔ ከሥዕል በኋላ የሚመጣውን ልናገር። እኔም ፍሬትቦርዴን በትክክል ስዬ አንድ ማተሚያ ቤት በወረቀት አሳትሜ እንጨቱ ላይ ለጠፍኩ። በዚያው ቆረጥኩ። ስገጣጥመው ጊታሩ የትም ቦታ አልቃኝ አለ። በኋላ ወረቀቱን ስለካው 12ኛው ፍሬት 314 ላይ ነው ያለው። ማተሚያው «ከወረቀቱ ጋር አስተካክል» የሚለውን ምርጫ ሳያጠፋ ወደ 97 በመቶ አሳንሶታል። አንድ ወር የሠራሁበት እንጨት ሄደ።

አሁን በእያንዳንዱ ሥዕል ጥግ ላይ ልክ 100 ሚሜ የሆነ መስመር አንዱን በቁም አንዱን በአግድም እስላለሁ። ወረቀቱን ስቀበል እዚያው ባንኮኒው ላይ በብረት ማስመሪያ እለካቸዋለሁ። ካልሆነ ገንዘብ አልከፍልም። ደግሞ ጣውላው ከ47 ሴንቲ በላይ ስለሆነ ኤ3 ላይ አይገባም። የቤት ፕላን የሚያትሙ ቤቶች ያሏቸው ትልቁ ፕሎተር ነው የሚሻለው።

ክራር_ወዳድ · ሐሙስ ማታ

መዶሻ ወንድሜ፣ አዝናለሁ፤ የነገርከኝ ግን አተረፈኝ። ዛሬ ሲኤንሲ ቤቱ ሄጄ ነበር። የሚሠሩት የቁም ሳጥንና የበር ጌጥ ነው፣ ያላቸው ትንሹ ቢት (የማሽኑ መቁረጫ ጫፍ) 3 ሚሜ ነው። የፍሬት ቦይ 0.6 ነው የምፈልገው። 0.6 ቢት ከውጭ ቢመጣም ወይራ ላይ ይሰበራል ብለውኛል። እነሱ ጠርዙንና ላዩን ይቆርጡልኛል፣ ቦዩን ግን አይችሉም። ምን ላድርግ?

አናጢው_ከሜሪላንድ · ሐሙስ ማታ

እውነታቸውን ነው። ያን ያህል ቀጭን ቢት በየማለፊያው ጥቂት ጥቂት ብቻ እየበላ ካልሄደ ይሰበራል፣ ወይራ ደግሞ ከብዙ እንጨት የሚጠነክር ነው። ቦዩን በመጋዝ ቁረጠው። ንድፍህ ግን ሥራውን ይሠራልሃል፣ አብነት አድርገው።

ሌዘር ቆራጭ ቤት ሂድ። በ3 ሚሜ አክሪሊክ ላይ የጣውላውን ርዝመት የሚያህል ዘንግ አስቆርጥ፣ ጠርዙ ላይ ለእያንዳንዱ ፍሬት አንድ አንድ ጥርስ ይኑረው። የነቱን መስመርም እንዳትረሳ፣ እሱ ዜሮህ ነው። አብነቱን ከጣውላው ሥር በሁለት ፊት በሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፈው። መጋዙን በእንጨት ሳጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ አስረህ፣ ሳጥኑ ላይ ጥርሶቹ ውስጥ የሚገባ አንድ ፒን ግጠም። አንዱን ትቆርጣለህ፣ ጣውላውን ትገፋለህ፣ ፒኑ ቀጣዩ ጥርስ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ሁለተኛውን ትቆርጣለህ። ማስመሪያ አትነካም፣ እርሳስ አትነካም። 22ቱን ከሰዓት በፊት ትጨርሳለህ።

ሁለት ነገር አደራ። የመጀመሪያው፣ ጥርሱን ስትስል የሌዘሩ ጨረር ራሱ የሚበላው ስፋት እንዳለ አትርሳ። መጀመሪያ በቁራጭ አክሪሊክ ላይ አንድ ጥርስ አስቆርጠህ ፒንህ ሳይላወስ መግባቱን አይ። ሁለተኛው የቅደም ተከተል ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ መጀመሪያ ጠርዙን ብታጠብ፣ መጀመሪያ ብታጎብጥ ግድ የለውም። እንጨት ላይ ግን ሁለቱ ጎኖች ትይዩ ሆነው ሳሉ ነው ቦዩ የሚቆረጠው። ጎኑን አስቀድመህ ካጠበብከው መጋዙ ከምን ጋር ቀጥ ይላል? ስለዚህ ወደ ሲኤንሲው የምትወስደው ቦዩን ከቆረጥክ በኋላ ነው። ላዩ ሲጎብጥ የቦዩ ዳር ይሳሳል፣ ሳባ እንዳለችው። ያን ጊዜ ጥልቀቱን የሚገታ ነገር የታሰረበት መጋዝ ይዘህ ጉብታውን እየተከተልክ ታጠልቀዋለህ።

ቤዝ_መቺ (ቴል አቪቭ) · ዓርብ

ውይይቱን ከመጀመሪያው እየተከታተልኩ ነው፣ በጣም ደስ ይላል። ትንሽ ከመስመር ልውጣ። እኔ ያለ ፍሬት ቤዝ የምጫወተው አንቺ ሆዬን ስጫወት ፍሬቱ የሚሰጠኝ ድምፅ ክራሩ ከሚሰጠው ጋር አልገጥም ስለሚለኝ ነው። ትዝታ ላይ ያን ያህል አይሰማኝም። በ12 እኩል ደረጃ ሳይሆን በጆሮዬ በለካሁት ቅኝት ፍሬትቦርድ መንደፍ ይቻላል?

ሳባ_ንድፍ · ዓርብ

ይቻላል፣ በጣም ቀላል ነው። ቀመሩ ውስጥ የፍሬቱን ቁጥር ለ12 ከማካፈል ይልቅ ሴንቱን ለ1200 አካፍል፦

ርቀት = የክር ርዝመት × (1 − 2^(−ሴንት ÷ 1200))

አንድ ሰሚቶን (የአንድ ፍሬት ደረጃ) 100 ሴንት ስለሆነ 300 ብትጽፍ 3ኛው ፍሬት ራሱ ይመጣል። 350 ብትል 648 ላይ 118.6 ሚሜ ይሰጥሃል፣ በ3ኛውና በ4ኛው መካከል። ስለዚህ መጀመሪያ ክራር ተጫዋቹን ቅኝቱን እንዲያስተካክል አድርገህ እያንዳንዱን ክር በመቃኛ አፕ ለካ፣ ከመነሻው ድምፅ ያለውን ርቀት በሴንት ጻፍ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ አስገባው። ስፕሬድሺቱ ላይ የሚለወጠው አንድ ዓምድ ብቻ ነው፣ ሌላው ንድፍ እንዳለ ይቆያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ፍሬት ሁሉንም ክር ነው የሚያቋርጠው። በአንዱ ክር ላይ ለቅኝቱ የተመቸ ፍሬት በሌላው ክር ላይ የማትፈልገው ቦታ ሊሆን ይችላል። አንድ ክር ብቻ ይዘህ ዜማ የምትመታ ከሆነ ያምራል፣ ኮርድ የምትይዝ ከሆነ መጀመሪያ ሁሉንም ክር በወረቀት አስበው።

ቤዝ_መቺ · ዓርብ

ይህን ሳስስ ኖሬያለሁ። እናመሰግናለን እህቴ። አጎቴ ክራር ይመታል፣ ቅዳሜና እሑድ ሄጄ እለካለሁ።

ክራር_ወዳድ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

ተሠራ! አብነቱ ሦስት ጊዜ ነው የተቆረጠው። የመጀመሪያው ላይ ፒኑ ይላወስ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ አልገባ አለ፣ ሦስተኛው ልክ ሆነ። ቦዮቹን ትናንት በመጋዝ ጨረስኩ። ዛሬ የብረት ማስመሪያ ከነቱ ላይ አስነሥቼ ለካሁ፦ 5ኛው 162.5፣ 7ኛው 215.5፣ 12ኛው 324 ላይ ነው። በዓይኔ ከዚህ በላይ ማንበብ አልችልም። የወይራው መስመር ከቦዮቹ ጋር ሲታይ እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም።

ሲኤንሲው ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት የምትሉኝ ነገር ካለ ንገሩኝ። በጋው ስለገባ እንጨቱ ያጥርብኝ ይሆን ብዬም ፈርቻለሁ።

አናጢው_ከሜሪላንድ · እሑድ ማታ

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ስለ ርዝመቱ አትስጋ፣ እንጨት በደረቅ ወራት የሚጠበው በወርዱ ነው፣ በርዝመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ አይባልም። 324ህ 324 ሆኖ ይቆያል። ወርዱ ሲጠብ ግን የፍሬቱ ሽቦ ጫፍ በጎን ብቅ ብሎ እጅ ይቧጭራል። ስለዚህ ጣውላው ሲኤንሲ ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ቤትህ ውስጥ ጥላ ላይ አቆየው፣ ጫፎቹን በሞረድ የምትጨርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽቦውን ስትመታ ደግሞ ከጣውላው ጉብታ ትንሽ ጠበቅ አድርገህ እጠፈው። ሁለቱን ጫፍ አስቀድመህ በፕላስቲክ መዶሻ አስገባ፣ መሃሉን በመጨረሻ ምታው። ከ22ኛው ጀምር፤ እጅህ እዚያ ይለምዳል፣ የመጀመሪያው ፍሬት ጋ ስትደርስ ተካነህ ትደርሳለህ።